ዲዲአር3 መሆኑ ብቻ አይበቃም፦ የአንድ ኮፒ ቤት ኮምፒውተር የራም ጉዳይ

ለአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ራም (በሥራ ላይ ያለውን ነገር ለጊዜው የሚይዝበትን ማስታወሻ) ለመጨመር ሁለት ጊዜ ገንዘብ ወጣ፤ ሁለቱም ጊዜ አልሠራም። የተገዛው ራም ግን ጤነኛ ነበር። አልተቃጠለም፣ አልተሰበረም፣ ዓይነቱ ማሽኑ የሚፈልገው ዲዲአር3 ነው፣ መሰኪያው ውስጥም ልክክ ብሎ ይገባል። ማሽኑም ጤነኛ ነበር። እነዚህ ጤነኛ ነገሮች ለምን እንዳልተስማሙና የሚስማማው እንዴት እንደተገኘ በዝርዝር የምጽፈው፣ ይኸው ታሪክ በየሱቁና በየቢሮው እየተደጋገመ የብዙ ሰው ገንዘብ ስለሚበላ ነው። አንዳንዱም የሚሠራ ማዘርቦርድ "ተበላሽቷል" ተብሎ ይጥላል።

ማሽኑ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 780 ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ፣ በየመሥሪያ ቤቱና በየኮሌጁ እስከ ዛሬ የሚያገለግል ጠንካራ ዴስክቶፕ። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ኮር 2 ዱዎ ኢ8400፣ ቺፕሴቱ (ማዘርቦርዱ ላይ ሆኖ ፕሮሰሰሩን ከራሙ ጋር የሚያገናኘው ክፍል) ኢንቴል ኪው45፣ የራም መሰኪያው አራት ነው። የሚሠራው ስድስት ኪሎ አካባቢ ባለ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነው፤ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ይተየብበታል፣ ይታረምበታል፣ ይታተምበታል። የቤቱ ባለቤት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ "ጋሼ" ነው የሚላቸው፤ እኔም እንደዚያው።

ሲገዙት ሁለት ፍሬ ባለ 1 ጊጋ ራም ነበረበት። ለመተየብ ብቻ ቢሆን ይበቃ ነበር። አሁን ግን ደንበኛው ጽሑፉን በቴሌግራም ይልካል፣ ፒዲኤፍ ይከፈታል፣ ክሮም ቀኑን ሙሉ ሳይዘጋ ይውላል፣ በዚህ ላይ ከመቶ ገጽ በላይ የሆነ የወርድ ፋይል ከነሠንጠረዡና ከነፎቶው ይመጣል። ያን ጊዜ ማሽኑ ይቆማል። የሃርድ ዲስኩ መብራት አይጠፋም፣ ጽሑፉ አይንቀሳቀስም፣ ተማሪው ፍላሹን ይዞ ወረፋ ይጠብቃል።

ገንዘብ ከማውጣት በፊት ችግሩ በእርግጥ የራም መሆኑን ማየት ይገባል፤ ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ሥራ በሞቀበት ሰዓት ታስክ ማናጀር ሲከፈት ራሙ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ ፕሮሰሰሩ ግን የሥራውን ግማሽ እንኳ አልያዘም፣ ሃርድ ዲስኩ ያለ ዕረፍት ይሠራል። ራም ያጠረው ማሽን መልኩ ይህ ነው። ዊንዶውስ ቦታ ሲያጣ ለጊዜው የማይፈልገውን ወደ ሃርድ ዲስክ ያወጣል፣ ሲፈለግ ደግሞ መልሶ ያስገባል። ዲስክ ከራም አንጻር እጅግ ዘገምተኛ ስለሆነ፣ እኛ ማሽኑ ተንቀራፈፈ የምንለው ይህንን መመላለስ ነው። ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆኖ ፕሮሰሰሩ መቶ በመቶ ተይዞ ራሙ ክፍት ቢሆን ኖሮ፣ የፈለገው ያህል ራም ቢጨመር ለውጥ አይመጣም ነበር። የጋሼ ማሽን ግን ራም ነበር የሚፈልገው።

ጋሼ መጀመሪያ ወደ አንድ ሱቅ ሄደው "ዲዲአር3፣ 4 ጊጋ፣ የዴስክቶፕ" ብለው ጠየቁ። ሻጩ የጠየቁትን ሰጣቸው። አዲስ፣ በማሸጊያው ያለ፣ ፍጥነቱ 1600። ሲሰካ ማሽኑ አልነሳም። ማራገቢያው ይዞራል፣ ስክሪኑ ጥቁር ነው፣ ፊት ለፊት ያሉት ከ1 እስከ 4 የተቆጠሩ የምርመራ መብራቶች በርተው ይቀራሉ። መልሰው ሲወስዱት ሻጩ በራሱ ማሽን ላይ ሰካው፤ ወዲያው ሠራ። "ራሙ ምንም የለበትም፣ የተበላሸው የእርስዎ ማዘርቦርድ ነው" አላቸው። ሻጩ የዋሸ አይመስለኝም። ያየውን ነው የተናገረው፤ ያየው ግን የነገሩን ግማሽ ነበር።

ሜሪላንድ ያለችው ልጃቸው ይህን ሰማችና ኢንተርኔት ላይ ፈልጋ ሁለት ፍሬ ባለ 4 ጊጋ በጣም በርካሽ አገኘች። ገዝታ ወደ አዲስ አበባ በሚመጣ ሰው ላከች። በሰው የመጣ ዕቃ መመለሻ እንደሌለው ሁላችንም እናውቃለን፤ ስለዚህ ከውጭ የሚላክ ራም ከአገር ውስጡ ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ማሸጊያው ላይ "ለኤኤምዲ ማዘርቦርድ" የሚል ጽሑፍ ነበረበት፤ ኤኤምዲ የኢንቴል ተፎካካሪ የሆነ የፕሮሰሰር አምራች ነው። ዲዲአር3 ከሆነ ምን ለውጥ አለው ተብሎ ታለፈ። እሱም ተሰካ፤ ማሽኑ አልነሳም።

"ልጄ፣ እንግዲህ ማዘርቦርዱ ነው ማለት ነው?" ብለው ጋሼ የደወሉልኝ ያን ጊዜ ነው።

ማዘርቦርዱ አልነበረም። የድሮዎቹ ሁለት ፍሬዎች ተመልሰው ሲሰኩ ማሽኑ እንደ ወትሮው ተነሳ፤ በፍላሽ በተጫነው ሜምቴስት86+ በሚባል የራም መፈተሻ ፕሮግራም ሲፈተሽም አንድ ስሕተት አልወጣም። የራም መሰኪያዎቹም ቺፕሴቱም ሥራቸውን ይሠራሉ። ስለዚህ ጥያቄው "ምን ተበላሸ?" ሳይሆን "ምን አልተስማማም?" ሆነ። መልሱ ደግሞ ከራሞቹ ላይ በዓይን ይታይ ነበር።

ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ልዩነታቸው ቁልጭ አለ። ከሱቅ የተገዛው በአንድ በኩል ብቻ 8 ጥቁር ቺፕ አለው፤ ጀርባው ባዶ ነው። ከሜሪላንድ የመጡት ግን በፊትም በጀርባም 8 በ8፣ በጠቅላላው 16 ቺፕ አላቸው። ሁሉም 4 ጊጋ ናቸው፤ አሠራራቸው ግን ለየቅል ነው።

አንድ ፍሬ ራም በአንድ ምት 64 ቢት ያቀብላል። ቺፖቹ ይህን 64 ቢት ይከፋፈሉታል። እያንዳንዱ ቺፕ 8 ቢት የሚይዝ ከሆነ 8 ቺፕ ይበቃል፤ 4 ቢት ብቻ የሚይዝ ከሆነ 16 ቺፕ ያስፈልጋል። አብረው 64ቱን ቢት የሚሞሉት ቺፖች አንድ ራንክ ይባላሉ። ራሙ ላይ በተለጠፈው ወረቀት "1አር×8" ማለት አንድ ራንክ፣ ባለ 8 ቢት ቺፕ ነው፤ "2አር×8" ማለት ባለ 8 ቢት ቺፕ ሆኖ ሁለት ራንክ ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ነውና፣ 4 ጊጋባይት በቢት ሲቆጠር 32 ጊጋቢት ስለሆነ እዚያ ለመድረስ ሦስት መንገድ አለ። ባለ 2 ጊጋቢት 16 ቺፕ በሁለት ራንክ ይደረደራል፤ ይህ 2አር×8 ነው። ወይም ባለ 4 ጊጋቢት 8 ቺፕ በአንድ ራንክ ይቀመጣል፤ 1አር×8። ወይም ደግሞ ባለ 2 ጊጋቢት 16 ቺፕ ሆኖ እያንዳንዱ ቺፕ 4 ቢት ብቻ ይይዛል፤ 1አር×4። የሱቁ ራም ሁለተኛው ነበር፤ የሜሪላንዶቹ ሦስተኛው። ኪው45 የሚያውቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ምክንያቱ የአድራሻ መስመር ነው። ቺፑ ውስጥ ያለው ቦታ በረድፍና በዓምድ የተከፈለ ነው፤ ቺፕሴቱ አንድን ቦታ ለማግኘት መጀመሪያ የረድፉን ቁጥር፣ ቀጥሎ የዓምዱን ቁጥር ይልካል። ባለ 8 ቢት የሆነ የ2 ጊጋቢት ዲዲአር3 ቺፕ 8 ክፍሎች አሉት፤ በየክፍሉ 32,768 ረድፍ፣ በየረድፉ 1,024 ዓምድ አለ። 32,768 ረድፍ ለመቁጠር 15 የአድራሻ መስመር ይበቃል። የ4 ጊጋቢቱ ቺፕ ግን 65,536 ረድፍ አለው፤ 16ኛ መስመር ይፈልጋል። ኪው45 ለዲዲአር3 ያለው የአድራሻ መስመር 15 ነው። አምስት ሳጥን ብቻ በተሰመረበት ቅጽ ላይ ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር እንደ መሙላት ነው፤ ቁጥሩም ልክ ነው፣ እስክሪብቶውም ይጽፋል፣ ቦታው ግን የለም።

የሜሪላንዶቹ ችግር በሌላ በኩል ነው። ባለ 4 ቢት የሆነው የ2 ጊጋቢት ቺፕ ረድፉ እዚያው 32,768 ሆኖ ዓምዱ 2,048 ነው። በዚያ ዘመን የነበሩት የኢንቴል ዴስክቶፕ ቺፕሴቶች ይህን አደራደር አይቀበሉም። ባለ 4 ቢት ቺፕ በብዛት የሚገኘው በሰርቨር ራም ላይ ነው። አንዳንድ የኤኤምዲ ማሽኖች ስለሚቀበሉት፣ በርካሽ ቺፕ የዴስክቶፕ ራም የሚሠሩ ሰዎች "ለኤኤምዲ" እያሉ ይሸጡታል። ያ ጽሑፍ ማስታወቂያ ሳይሆን ማስጠንቀቂያ ነው። በኢንቴል ማሽን ላይ ማሽኑ ጨርሶ እንዳይነሳ፣ አንዳንዴም ራሙ በግማሽ እንዲቆጠር ያደርጋል። ርካሽ የሆነውም የሚሠራበት ማሽን ጥቂት ስለሆነ ነው።

ቺፕ መቁጠር ብቻውን የማይበቃው ለዚህ ነው። ብዙ ጊዜ ለአሮጌ ማሽን "16 ቺፕ ያለውን ግዛ" የሚል ምክር ይሰጣል፤ ምክሩ ግማሽ መንገድ ያደርሳል። የሜሪላንዶቹም 16 ቺፕ ነበሩ። 16 መሆኑ ላይ ×8 መሆኑ ካልተጨመረ ገንዘቡ ይባክናል።

ጋሼ "ታዲያ ባዮሱን ብታድሰው? ወይ ፕሮሰሰሩን ብንቀይረው?" ብለው ጠየቁ። አስተማሪ ናቸውና ጥያቄያቸው ቦታውን የያዘ ነበር። ባዮስን፣ ማለትም ማሽኑን የሚያስነሳውን ፕሮግራም፣ ማደስ አንዳንድ የራም ችግር ይፈታል፤ የሌለ መስመር ግን ሊሠራ አይችልም። ፕሮሰሰሩም ቢቀየር ለውጥ የለውም፤ በኮር 2 ዘመን ራምን የሚያዘው ክፍል ያለው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ሳይሆን ቺፕሴቱ ውስጥ ነው። ኢንቴል ይህን ክፍል ወደ ፕሮሰሰሩ ያስገባው በኋላ፣ ኮር አይ በሚባሉት ነው። ስለዚህ የዚህ ማሽን የራም ጥያቄ ሁሉ መልሱ ኪው45 ላይ ነው ያለው፤ ቺፕሴቱ ደግሞ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው።

ከዚህ የሚወጣው መደምደሚያ ለገዢ ግራ የሚያጋባ ነው፤ ለዚህ ማሽን አዲሱ ራም የተሳሳተ፣ አሮጌው ትክክለኛ ነው። ባለ 4 ጊጋቢት ቺፕ ሲስፋፋ ፋብሪካዎች ባለ 4 ጊጋውን ራም በ8 ቺፕ መሥራት ጀመሩ፤ ወጪው ያንሳልና። ስለዚህ ዛሬ በማሸጊያው የሚሸጥ ባለ 4 ጊጋ ዲዲአር3 አብዛኛው 1አር×8 ነው። 8 ጊጋው ደግሞ 2አር×8 ቢሆንም ቺፖቹ ባለ 4 ጊጋቢት ናቸው፤ እሱም እዚህ አይሠራም። የሚሠራው ማሽኑ ራሱ በተሠራበት ዘመንና ከዚያ ጥቂት ዓመት በኋላ የወጣው፣ ዛሬ ከተፈቱ ኮምፒውተሮች የሚገኘው ነው። "ያገለገለ አልፈልግም፣ አዲስ ስጠኝ" ማለት በሌላው ዕቃ ያስኬድ ይሆናል፤ እዚህ ላይ ግን የሚከስረው ገዢው ነው።

እንግዲህ ፍለጋው ከአዲስ ዕቃ ሻጭ ወደ ጠጋኞች ዞረ፤ የሞቱ ማሽኖችን ፈትተው ራሙን፣ ፓወር ሰፕላዩንና ሃርድ ዲስኩን ለይተው ወደሚያስቀምጡት። ለሁሉም የተላከላቸው መልእክት አንድ ነበር፦ የዴስክቶፕ ዲዲአር3፣ 4 ጊጋ፣ 2አር×8፣ ፒሲ3-10600ዩ (የፍጥነቱና የዓይነቱ ምልክት)፣ ሁለት ፍሬ ተመሳሳይ፤ እባካችሁ የወረቀቱን ፎቶ በቴሌግራም ላኩ። ፎቶ የሌለው ዕቃ ለማየት አልተሄደም። በስልክ "አለ፣ ና" ብሎ የሚጠራ ሰው ክፉ አስቦ አይደለም፤ ለእሱም ዲዲአር3 ሁሉ አንድ ስለሆነ ነው።

የመጡት ፎቶዎች ራሳቸው ትምህርት ነበሩ። አንዱ የሰርቨር ራም ላከ፤ ወረቀቱ ላይ ፒሲ3-10600 ብሎ መጨረሻው ላይ "ዩ" በማለት ፈንታ "አር" ይላል። ይህ ራም አደገኛ የሚሆነው በቅርጹ ነው። የሰርቨሩም የዴስክቶፑም ዲዲአር3 240 እግር አላቸው፣ መሐል ላይ ያለው ቁርጥም አንድ ቦታ ነው፤ ስለዚህ ያለ ምንም ችግር ይሰካል። ግን በመሐሉ ትእዛዙን ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ተጨማሪ ቺፕ ስላለው የዴስክቶፕ ቺፕሴት አያናግረውም። መጨረሻው "ኢ" የሆነውም ስሕተት የሚያርም ተጨማሪ ቺፕ ያለው ነው፤ ለሰርቨርና ለወርክስቴሽን እንጂ ለዚህ ማሽን የተሠራ አይደለም። "ኤስ" ካለ የላፕቶፕ ነው፣ እሱ እንኳ አጭር ስለሆነ አያሳስትም። ለጋሼ ማሽን የሚሆነው "ዩ" ብቻ ነው።

ሌላው የላከው ከኦፕቲፕሌክስ 760 የወጣ ነበር። 760ና 780 በውጭ ሲታዩ መንታ ናቸው፤ 760 ግን የሚይዘው ዲዲአር2 ነው። ዲዲአር2ም 240 እግር አለው፤ ቁርጡ ግን ቦታው ስለሚለይ አይገባም። በጉልበት የሞከረ ሰው መሰኪያውን ይሰብራል። "የዴል ነው" የሚለው ቃል፣ "ልክ እንደዚህ ዓይነት ማሽን ላይ ነበር" የሚለውም ጭምር፣ ከሞዴል ቁጥሩ ጋር ካልመጣ ዋጋ የለውም።

በመጨረሻ አንድ ጠጋኝ የላከው ፎቶ ላይ ሳምሰንግ፣ 4 ጊጋ፣ 2አር×8፣ ፒሲ3-10600ዩ ተጽፎ ታየ፤ የሞዴል ቁጥሩ ኤም378ቢ5273 ብሎ ይጀምራል። ከሱቅ የተገዛውም ሳምሰንግ ነበር፤ የእሱ ቁጥር ኤም378ቢ5173 ነው። የሁለቱ ልዩነት አንዲት አሃዝ ናት፤ 52 ያለው ባለ 16 ቺፕ፣ 51 ያለው ባለ 8 ቺፕ ነው። ሃይኒክስ ላይም እንዲሁ ነው፤ ኤችኤምቲ351ዩ6 ብሎ የሚጀምረው 2አር×8፣ ኤችኤምቲ451ዩ6 ብሎ የሚጀምረው ደግሞ 1አር×8 ነው። ኪንግስተን ወረቀቱ ላይ የራንኩን ቁጥር የማይጽፍበት ጊዜ አለ፤ ቁጥሩ ውስጥ ግን "ኤስ8" ካለበት አንድ ራንክ ነውና ለዚህ ማሽን አይሆንም።

ወረቀት ይቀየራል። ተቀይሮ የተለጠፈ ወረቀት ያለው ራም ገበያው ላይ አለ፤ ስለዚህ ዕቃው እጅ ሲገባ ቺፑ ራሱ ተነበበ። ጽሑፉ ደቃቅ ነው፤ የስልክ ካሜራ አቅርቦ ያሳየዋል። የሳምሰንግ ቺፕ ኬ4ቢ2ጂ0846 ካለ፣ "2ጂ" መጠኑ 2 ጊጋቢት መሆኑን፣ "08" ስፋቱ 8 ቢት መሆኑን ይናገራል። ኬ4ቢ4ጂ0846 ከሆነ 4 ጊጋቢት ነው። ከሜሪላንድ የመጡት ላይ የተነበበው ኬ4ቢ2ጂ0446 ነበር፤ "04" የምትለዋ ሙሉውን ታሪክ ትናገራለች። ይህ ቁጥር አንድ ሻጭ ከሚሰጠው ከማንኛውም ማረጋገጫ ይበልጣል፤ በእኔ እምነት ለአሮጌ ማሽን ራም የሚገዛ ሰው ሊማረው የሚገባ ትልቁ ነገር ይኸው ነው።

ስለ ፍጥነት ብዙ አልተጨነቅንም፤ መጨነቅም አያስፈልግም ነበር። ፒሲ3-8500 ማለት 1066፣ 10600 ማለት 1333፣ 12800 ማለት 1600 ነው፤ ትልቁ ቁጥር በሰከንድ የሚያልፈው ሜጋባይት ነው፣ ፍጥነቱ በ8 ሲባዛ የሚመጣው። ይህ ማሽን 1066 ላይ ነው የሚሠራው፤ የ1333ቱ ራም ሲሰካበት ራሱን ዝቅ አድርጎ ይሄዳል። ፈጣን ራም ቢገዛም ጥቅም የለውም፤ በቺፕሴቱና በኢ8400 ፕሮሰሰሩ መካከል ያለው መንገድ በሰከንድ ከ10.6 ጊጋባይት ገደማ በላይ አያሳልፍምና፣ ሁለት ፍሬ ባለ 1066 ጥንድ ሆነው ብቻቸውን ከዚያ በላይ ያቀብላሉ። ለፍጥነት ተጨማሪ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ለዚህ ማሽን የማይጠቅም ነገር እየሸጠ ነው።

ቮልቴጁም ቀላል ነው። መደበኛው ዲዲአር3 1.5 ቮልት ይፈልጋል፤ ማሽኑም የሚሰጠው ይህንኑ ነው። ፒሲ3ኤል የሚለው በ1.35 የሚሠራው ነው፤ እሱ 1.5ንም ስለሚችል እዚህ አያስቸግርም፤ የቺፑ አደራደር ግን እንደ ሌላው መፈተሽ አለበት።

ምን ያህል ይጨመር በሚለው ላይ ከጋሼ ጋር ተነጋገርን። አራቱን መሰኪያ በ2አር×8 ሞልቶ 16 ጊጋ ማድረስ ይቻላል። እኔ 8 ይበቃል አልኩ። ማሽኑ ዊንዶውስ 11ን በደንቡ አይቀበልም፤ ማይክሮሶፍት ደግሞ ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አቁሟል። የቀረው ዕድሜ ይህን ያህል በሆነ ማሽን ላይ ለማይሞላ ራም ገንዘብ ማፍሰስ ልክ አይደለም። የድሮዎቹን ባለ 1 ጊጋ ፍሬዎች በሌላኛው ጥንድ ላይ ትቶ 10 ጊጋ ማድረግም ይቻል ነበር። አውጥተን አስቀመጥናቸው፤ ለ2 ጊጋ ሲባል የተለያየ ዕድሜና ፋብሪካ ያለው ራም ማደባለቅ፣ ነገ ችግር ቢመጣ መንስኤውን መፈለግ ያከብደዋል።

አሰካኩ ረጅም ወሬ የለውም። ገመዱ ከሶኬት ተነቅሎ የማብሪያው ቁልፍ አንዴ ይጫናል፣ የተረፈው ኤሌክትሪክ እንዲወጣ። የሳጥኑ ብረት በእጅ ይነካል። የአዲስ አበባ አቧራ መሰኪያው ውስጥ ተከማችቶ ስለነበር በነፋስ ተጠረገ፤ ወርቃማዎቹ እግሮች በንጹሕ ላጲስ ቀስ ተብለው ታሹ። የመሰኪያዎቹ መቆለፊያ ቀለም ጥንዱን ያሳያል፤ ሁለቱ ፍሬዎች በጥንዱ ላይ ሲገቡ ቺፕሴቱ ሁለቱንም ባንድነት ያነባቸዋል። የጎን መቆለፊያዎቹ ቀጭ ብለው እስኪዘጉ ተጫኑ። ማሽኑ ተነሳ። የራም መጠን እንደተለወጠ አስታወቀ፤ ባዮሱ 8 ጊጋ አሳየ። ሌሊቱን ሜምቴስት86+ ሲሠራ አድሮ ያለ ስሕተት ጨረሰ። ያገለገለ ራም ከዚህ ፈተና በፊት የደንበኛ ጽሑፍ ሊታመንበት አይገባም፤ የታመመ ራም ፋይል የሚያበላሸው ድምፅ ሳያሰማ ነው።

ዊንዶውስ ሲከፈት ግን ጥቅም ላይ የዋለው ራም ከ4 ጊጋ በታች ሆኖ ታየ። ጋሼ ፊታቸው ተለወጠ። ይህ የራሙ ጉዳይ አልነበረም፤ የተጫነው ዊንዶውስ 7 ባለ 32 ቢት ነበር። ባለ 32 ቢቱ ከ4 ጊጋ በላይ አይቆጥርም፤ ከዚያችም ላይ ለግራፊክስና ለሌሎች ክፍሎች የሚያዝ አለ። 2 ጊጋ በነበረ ጊዜ ማንም ሊያስተውለው አይችልም ነበር። ኢ8400 ባለ 64 ቢት ፕሮሰሰር ስለሆነ መፍትሔው ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ መጫን ብቻ ነው። መጀመሪያ የደንበኞች ፋይልና የአማርኛ ፊደሎቹ ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ተገለበጡ፣ የፕሪንተሩ ሾፌር ባለ 64 ቢት እንዳለው ተጣራ፣ ከዚያ ፎርማት ተደርጎ ዊንዶውስ 10 ገባ። ይህን ከራሙ ግዢ በፊት ማየት ይሻላል፤ ለአንዳንድ አሮጌ ፕሪንተር ባለ 64 ቢት ሾፌር ላይገኝ ይችላልና፣ በኮፒ ቤት ፕሪንተር ከራም ይበልጣል።

አሁን ያ ረጅም የወርድ ፋይል፣ ክሮምና ቴሌግራም አብረው ተከፍተው ይውላሉ። ማሽኑ አዲስ አልሆነም። ሲነሳ ዛሬም ይዘገያል፣ ሃርድ ዲስኩ ያው የድሮው ስለሆነ፤ ቀጣዩ ወጪ ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥነው ማከማቻ፣ ኤስኤስዲ፣ ይሆናል። መሐል ሥራ ላይ መቆሙ ግን ቀርቷል፤ የተከፈለውም ለዚያ ነው።

የተረፉትም አልተጣሉም። ከሱቅ የተገዛው 1አር×8 ኦፕቲፕሌክስ 7010 ላለው ጎረቤት ተሸጠ፤ ያ ማሽን የሦስተኛው ትውልድ ኮር አይ ስለሆነ ባለ 4 ጊጋቢት ቺፕ ይቀበላል፣ እንደተሰካ ሠራ። ሁለቱ የሜሪላንድ ራሞች የኤኤምዲ ማዘርቦርድ ያለውን ጠጋኝ እስኪያገኙ ሰነበቱ፤ እሱ በራሱ ማሽን ላይ ሞክሮ፣ ሁለቱም መቆጠራቸውን አይቶ ወሰዳቸው።

ልጃቸው ቆይታ ለአባቷ ላፕቶፕ ራም ልትልክ ፈለገች። አራተኛ ትውልድ ኢንቴል ነው፤ ለራሙ የሚሰጠው 1.35 ቮልት ስለሆነ ፒሲ3ኤል መሆን አለበት፣ መጨረሻውም "ኤስ"። በአንድ ፍሬ ከ8 ጊጋ በላይ አይቀበልም፤ ባለ 16 ጊጋው ዲዲአር3ኤል ባለ 8 ጊጋቢት ቺፕ ስለሚጠቀም ለዚያ ትውልድ አይሆንም። ላፕቶፑ ላይ ያለው ራም ወረቀት ፎቶ ተነስቶ ተላከላት። እሷም ለሻጩ "የምትልክልኝን ራም ወረቀት አሳየኝ" ብላ ጻፈች፤ ፎቶው እስኪመጣላትም አልከፈለችም።